ስሟ በቀይ ቀለም

ሕሊናን ያገኘኋት ሰው ልከስ ሄጄ ነው። ሌላው ሚስቱን በሠርግ ቤት ያያል፣ በጥምቀት ሜዳ ያያል። እኔ ግን በክፉ ቀን፣ ክፉ ወረቀት ይዤ፣ ዱቄት እንደለበስኩ ነው ያየኋት።

መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረቻት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ጋሼ ይታየው ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። አገሬ ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ወዲያ። እዚህ ከተማ ማንም «ክንዱ» ብሎ በስሜ አይጠራኝም፤ «ያ የወፍጮው ሰውዬ» ነው የሚሉኝ።

በእጄ የጻፍኩትን አቤቱታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩና «ይተየብልኝ» አልኳት።

ጥቂት መስመር ተየበች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ይሄ የሚገባው ለየትኛው ቢሮ ነው?»

«ለሚመለከተው ሁሉ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ።»

«አይቻለሁ። ግን እዚህ ላይ…» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው። «‹ወንድሜ በአባታችን ተዝካር ቀን ከካህናቱ ጋር መቀመጥ ሲገባኝ፣ በር ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አስቀምጦ አዋርዶኛል› ይላል። ይሄ ማንን ነው የሚመለከተው?»

«አገሩ መንግሥት የለውም?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ስቆብኛል። ወንድሜም ስቆብኛል። እሷ ግን ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሰው እንዲያ ካየኝ ቆይቶ ነበር፤ ወፍጮ ቤት የሚመጣ ሰው የሚያየው ጆንያውን ነው።

«መንግሥትማ አለ» አለች። «ግን ይሄ ክስ አይደለም። ይሄ ሐዘን ነው። በሐዘን ላይ ማኅተም የሚመታ ቢሮ ደግሞ እኔ አላውቅም።»

ደሜ ፈላ። እኔ አስኳላውን ከስድስተኛ ክፍል የተውኩ ሰው ነኝ። የተማረ ሰው ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት ገና ጆሮዬ ይግላል።

«የአንቺ ሥራ መተየብ ነው። ምክር አልጠየቅሁሽም።»

«ምክሩ በነፃ ነው» አለችና ከመደርደሪያው ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አወረደች። «ደብተሩ ግን ይከፈልበታል።»

ልመልስላት ስል መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሯ ድርግም አለ፤ ማዶ ወፍጮውም እያቃሰተ ቆመ። አቤቱታዬ እግማሽ ላይ ቀረ። እኛ ከተማ መብራት ሲጠፋ የሚያስፈጨውም የሚያስተይበውም ደጅ ወጥቶ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው የለም። እኛም በሯ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እሷ በዚህ ጫፍ፣ እኔ በዚያ ጫፍ።

«ጠዋት ሰው ሳይመጣብህ ተነሥ» አለችኝ መንገዱን እያየች። «ከላይ ቀኑን ጻፍ። ከዚያ ያሳመመህን ነገር እንዳመመህ ጻፈው። ለዳኛ አይደለም የምትጽፈው፤ ስለዚህ ማንንም ማሳመን የለብህም። መጨረሻ ላይ ደስ ያለህን አንድ ነገር ጻፍ።»

«ደስ ያለኝ ነገር ከሌለስ?»

«‹የለም› ብለህ ጻፍ። ውሸት ብቻ አይጻፍበትም።»

«ማን ያየዋል?»

«ማንም። እኔም አልጠይቅህም።»

«አንቺም ትጽፊያለሽ እንዴ?»

መልስ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች። የሰው ዝምታ አውቃለሁ፤ ብዙው ዝምታ ንቀት ነው። የእሷ ግን በር እንደመዝጋት ያለ አልነበረም። በሩን ገርበብ አድርጎ እንደመተው ያለ ነበር።

ደብተሩን ገዛሁት። በንዴት ነው የገዛሁት፤ የትም አያደርስም ብዬ ላሳያት።

በማግሥቱ ወፍጮው ከመነሣቱ በፊት ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የጻፍኩት የሰው በደል ብቻ ነው። ወንድሜን ጻፍኩት። «ነገ ና» እያለ ያመላለሰኝን የቀበሌ ጸሐፊ ጻፍኩት። ከሁሉ በላይ ግን ገብረ ሥላሴን ጻፍኩት።

የገብረ ሥላሴ ነገር ይሄ ነው፤ ልጅ ሆኜ ጋይንት ሄጄ ድጓ እማር ነበር። ለዜማ ነበር የተፈጠርኩት ብዬ አምን ነበር። በአንድ የበዓል ዋዜማ ተራዬ ደርሶ ሳዜም ድምፄ ተሰበረ። ታላላቆቹ ተማሪዎች አጠገብ ቆሞ የነበረው ገብረ ሥላሴ «ይሄ የወፍጮ ድምፅ ነው፤ አንተ ወፍጮ ቤት ግባ!» አለ። ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ ስሜ «ወፍጮ» ሆነ። ሳልመረቅ የልመና አኩፋዳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ መጨረሻዬ እውነትም ወፍጮ ቤት መሆኑ ነው። በየቀኑ ወፍጮው ሲነሣ የምሰማው የእሱን ሳቅ ነበር።

ይህን ጻፍኩ። በነጋታው ደግሜ ጻፍኩት። ሦስተኛም አራተኛም ጻፍኩት። አንድ ቀን ጠዋት ልጽፈው እስክሪብቶ አንሥቼ፣ እመኑኝ፣ ሰለቸኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሲበላኝ የኖረ ነገር ወረቀት ላይ ሲደጋገም ሰለቸኝ! የማውቀውን ተረት ሰው ሲነግረኝ እንደሚያዛጋኝ አዛጋኝ። እንቅልፌ ተመለሰ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ያዛነፈ ሰው ሁሉ ሊደፍረኝ የመጣ መምሰሉ ቀረ።

«ደስ ያለህ ነገር» የሚለው ግን አስቸግሮኝ ነበር። «የለም» እላለሁ። በማግሥቱም «የለም»። ከዕለታት አንድ ቀን እጄ በራሱ «ዛሬ ሕሊና ደጇ ላይ ቆማ ፀሐይ ስትሞቅ አየኋት» ብሎ ጻፈ።

ስሟ ላይ ስደርስ ጥቁሩን አስቀምጬ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ይረዳኛል። ጸሐፊው ቃሉን በጥቁር ሲጽፍ ሲጽፍ ይመጣና የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ስም ሲደርስ ብዕሩን ይለውጣል። የከበረ ስም በቀይ ነው የሚጻፈው። እኔ ፊደል የለየሁት በዚያ ነው። ሌላ ማክበሪያ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው በከተማው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ወፍጮው ሲቆም ዱቄቴን አራግፌ አግዳሚው ወንበር ላይ እገኛለሁ።

«አቤቱታ አቆምክ እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ደንበኛዬ ነበርክ፤ ገበያዬን ዘጋህብኝ።»

«ራስሽ ነሽ የዘጋሽው። ያ ደብተር ክስ አያስወጣም።»

ሳቀች። ስትስቅ በአንድ እጇ አፏን ትሸፍናለች። ከዚያ ሳቋን እንደያዘች ወደ መሬት አየችና ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች።

«አባዬ ሲሞት አላለቀስኩም። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ‹ምን ዓይነት አንጀት ነው› ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። እንባው ግን አልመጣ አለኝ። ሰው ፊት አልመጣም። ራሴን ያመኝ ጀመር፣ ምግብ አልዋጥ አለኝ። አንድ ቀን እዚሁ ሱቅ ውስጥ በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ‹አባዬ› ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሳላስበው ሱቁን ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደብተር ገዛሁ» አለች። «ከራሴ ሱቅ፣ ያለ ቅናሽ።»

ይህችን ልጅ ያደነቅሁት ያኔ ነው። እኔ በተበደልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የጮህኩ ሰው ነኝ። እሷ ከተማው ሁሉ ሲያማት ሐዘኗን በዝምታ ተሸክማ፣ በገዛ እጇ አባብላ፣ ተርፏት ደግሞ ለማታውቀኝ ለእኔ አካፈለችኝ።  ሳላስበው፣

«ሽማግሌ ልላክ?» አልኳት።

እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። መንገደኛ አለፈ፣ ባጃጅ አለፈ። ሕሊና የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች።

«የእናቴ ውሻ ክፉ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሽማግሌዎቹ ዱላ ይያዙ።»

ነገሩ እንዲያ ተቃንቶ ሳለ ነው የወፍጮ ቤቱ ደንበኛ እማማ ካሣነሽ የመጡት። ለበዓል ገብስ ሊያስፈጩ ገና ሳይነጋጋ በር ላይ ቆሙ። እኔ ስጽፍ ነበር፤ ደብተሩን ከጆንያው ላይ ከፍቼ ትቼ ሚዛኑን ላዘጋጅ ዞር አልኩ። እማማ ካሣነሽ ፊደል አያውቁም። ቀይ ቀለም ግን ያውቃሉ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ከማን ጋር እንደምቀመጥም ያውቃሉ።

በሳምንቱ ወሬው ከተማውን ሞላው። «ያ የወፍጮው ሰውዬ ለካ ደብተራ ነው!» «ጋይንት የተማረውን ደብቆ ኖሯል!» «የሙሉነሽን ልጅ የሕሊናን ስም በቀይ እየጻፈ ይደግምባታል፤ መስተፋቅር ነው፤ እሷም ይኸው አግዳሚ ወንበር ላይ ፈዛ ትውላለች!» ይባስ ብለው ዱቄቱ ላይ ይደግማል ያሉ ነበሩ፤ እህላቸውን ጭነው ወደ ሌላ ወፍጮ ዞሩ። ማንም መጥቶ «ምን ትጽፋለህ?» አላለኝም። ሰው እንዲህ ነው። ከመጠየቅ መፍረድ ይቀለዋል።

አባ ወልደ ሰንበትና ጋሼ ይታየው ሽማግሌ ሆነው ወደ ሕሊና እናት፣ ወደ እትዬ ሙሉነሽ፣ ሲሄዱ ነገሩ ቀድሟቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አባ ወልደ ሰንበት የእትዬ ሙሉነሽ የነፍስ አባትም ናቸው፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ልጄ ክንዱ፣ አልከለከሉንም። ቅድመ ሁኔታ ግን አበጁ። ደብተርህን ይዘህ እሑድ ትመጣለህ። የሙሉነሽ ወንድም መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ከጋይንት ይመጣሉ፤ እሳቸው ያነቡታል። ድግምት ካለበት ይቃጠላል፣ አንተም ከልጅቷ ደጅ አትደርስም። ከሌለበት እንነጋገራለን።»

«ማን አሉኝ አባ?»

«መሪጌታ ገብረ ሥላሴ። ድጓ ያስመሰከሩ፣ ድምፃቸው…»

ቀጥሎ ያሉትን አልሰማሁም። ሕሊና «ጋይንት አጎት አለኝ» ብላኝ ነበር፤ ስሙን ግን አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ጉዴን አያችሁ። ደብተሩን ካልሰጠሁ ደብተራ ነኝ፣ ሕሊናን አጣለሁ። ከሰጠሁ ደግሞ ስንት ገጽ ሙሉ አጎትየውን ረግሜበታለሁ፤ ማንስ ለረገመው ሰው የእኅቱን ልጅ ይድራል? እሷን አጣለሁ።

«ምን ችግር አለው?» አሉኝ ጋሼ ይታየው። «ሌላ ደብተር ግዛና ደግ ደጉን ጻፍበት። ሰውየው ቤትህ ገብተው አይፈትሹ! ያኛውን ለእሳት ስጠው።»

ሞከርኩት። አዲስ ደብተር ላይ የወንድሜን ደግነት ጻፍኩ። የቀበሌው ጸሐፊ ታታሪነት ተጻፈ። መሪጌታ ገብረ ሥላሴንማ ድምፃቸውን ከንብ ማር አስበለጥኩት። ሕሊናን በጥቁር ጻፍኳት፤ ያም አንድ ቦታ ብቻ፣ «እኅታችን» ብዬ። ወስጄ አሳየኋት።

መጀመሪያ ሳቀች፤ አፏን መሸፈን እስክትረሳ ድረስ። «የቀበሌው ጸሐፊ ታታሪ!» አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ሳቋ ቀስ እያለ ሄደ። ደብተሩን ዘግታ በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔ ሽማግሌ ላክ ያልኩት ሌላ ሰው ነው። ያ የሚናደደው። ‹የለም› ብሎ የሚጽፈው።»

«ያኛውን ካነበቡት ያባርሩኛል፣ ሕሊና!»

«ያባርሩህ ይሆናል» አለች። ዓይኗ ከዓይኔ አልተነሣም። «በእውነት ከተባረርክ ማንን እንዳጣሁ አውቃለሁ። በዚህኛው ከገባህ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ማን ጋር እንደምተኛ ሳላውቅ እኖራለሁ።»

 አዲሱን ደብተር ቀድጄ ለእሳት መለኮሻ አደረግኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድን። የእትዬ ሙሉነሽ ቤት ከከተማው ጫፍ፣ ከገብስ ማሳው ሥር ነው። ውሻው ታስሯል። እማማ ካሣነሽም ምስክር ተብለው ከበሩ አጠገብ ጉብ ብለዋል። መሪጌታው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥምጣማቸው በረዶ መስሏል፣ ጢማቸው ሸብቷል። ባወቅኳቸው ዘመን «አንተ» ነበሩ፤ ዛሬ «አንቱ» ሆነዋል። እኔ ድምፃቸውን ብቻ ብሰማ ከሺህ ሰው እለያቸው ነበር።

አዩኝና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

አላወቁኝም።

«የስማዳ ሰው ነኝ» አልኩ። ደብተሩን በሁለት እጄ አቀበልኳቸው። 

መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። የወንድሜን ነገር ሲያነቡ ጢማቸው ሥር ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ገለጡ። ፈገግታው ቆመ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ተተክሎ ቀረ። ሕሊና ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ እሷን እንጂ እሳቸውን ማየት አልቻልኩም።

«‹ገብረ ሥላሴ› ይላል እዚህ ላይ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

«‹የወፍጮ ድምፅ ነው› … ይህን እኔ ብዬሃለሁ?»

«ብለውኛል።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ፊቴ ውስጥ ልጅ ሲፈልጉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላስታውሰውም።»

ከስድቡ የባሰ ያመመኝ ይሄ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሌሊትና ቀን አብሬው የኖርኩት ነገር በእሳቸው ዘንድ ከቤት ጥግ እንደወደቀ ገለባ እንኳ አልተገኘም። ባለቤቱ የረሳውን ዕቃ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

«ምን ትባባላላችሁ?» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «አንተ ገብሬ፣ ድግምት አለበት የለበትም? የልጄ ስም አለ?»

«አለ።»

«በቀይ?»

«በቀይ ነው።»

«አላልኩም!» አሉ እማማ ካሣነሽ። «በዓይኔ በብረቱ አይቼ!»

«ለምንድን ነው በቀይ የሚጽፋት?» አሉ እትዬ ሙሉነሽ ወንድማቸውን።

መልሱን በዚያ ቤት ውስጥ ከመሪጌታው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም አሉ። ደብተሩ ጭናቸው ላይ፣ ጥቁር ስማቸው ፊት ለፊታቸው፣ ዝም አሉ። ቅር ብሏቸዋል።

«እትዬ፣ የከበረ ስም መጽሐፍ ላይ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተን አልጠየቅሁም! ወንድሜን ነው የጠየቅሁት።»

አባ ወልደ ሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሙሉነሽ፣ እኔ ያንቺንም የሁሉንም ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው ያለኝ። ሰው ያመመውን ሲናገር ሌላው ሊፈርድ ከተሰበሰበበት፣ ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል?»

«እሱስ ቢሆን ለምን ለእርስዎ አይናዘዝም? ወረቀት ምን ያደርግለታል?»

ያን ጊዜ ሕሊና ወደ ጓዳው ገባች። ስትመለስ ጠርዙ ያለቀ፣ ሽፋኑ የተላጠ ደብተር ይዛለች። ሄዳ እናቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«የእሱ ከተነበበ የእኔም ይነበብ» አለች። «ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ድግምት ከሆነ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አባዬ ከሞተ ጀምሮ የጻፍኩት ነው እማዬ።»

እትዬ ሙሉነሽ ማንበብ አይችሉም። ደብተሩን ገለጡት። የመጀመሪያው ገጽ ተጨማዷል፤ ቀለሙ ፈስሶ ፊደሉ እርስ በርሱ ተደበላልቋል። ጣታቸውን አሳረፉበት። ወረቀቱ እየተንኮሻኮሸ ነው።

«ዝናብ ገብቶበት ነው?»

«አይደለም እማዬ።»

ቀጣዩን ገለጡ፤ እሱም ተጨማዷል። ቀጣዩንም። እጃቸው እየፈጠነ ሄደ፣ ከዚያ እየዘገየ። 

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

«እኔ እኮ…» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱት። «እኔ እኮ አላለቀሰችለትም ብዬ በየጊዜው ፊት የነሣሁሽ…»

«ሰው ፊት አልመጣ አለኝ።»

እማማ ካሣነሽ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታው እጃቸውን ዘረጉ፤ «እስቲ አምጪው፣ እኔ ላንብብልሽ።»

«አታነበውም!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ፤ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። «የሷም አይነበብም፤ የሱንም ዝጋው። ለልጁ መልስለት።»

መሪጌታው ደብተሬን ዘጉት። ሲመልሱልኝ አልለቀቁትም፤ ሁለታችንም እንደያዝነው ወደ እኅታቸው ዞሩ።

«ድግምት የለበትም» አሉ። ቃሉ ከባድ ጆንያ እንደማንሣት ሆነባቸው። «በቀይ የሚጻፈው የከበረ ስም ነው። ልጁ እንደተማረው ጽፏል።»

ዘግይተዋል፤ ግን አሉት።

እትዬ ሙሉነሽ ዓይናቸውን ጠርገው ተመለከቱኝ። «አንተ፣ ስለ እኔም ጽፈሃል?»

ከውሸት ጋር ተለያይቼ ነበር። «ጽፌያለሁ እትዬ።»

«ክፉ ነው?»

«የትናንቱ ክፉ ነው።»

«ይሁን። እኔም ስለ አንተ ከዚያ የከፋ አውርቻለሁ።»

ጋሼ ይታየው ሳቃቸው አመለጣቸው። አባ ወልደ ሰንበትም መስቀላቸውን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ሳቁን ደበቁት። ከዚያ እትዬ ሙሉነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺስ? ትፈልጊዋለሽ?»

እኛ አገር ሴት ልጅ ይህን ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች፤ ዝምታዋ እሺታ ይሆናል፤ ሽማግሌም ይመርቃል። ሁላችንም ዝምታዋን ልንጠብቅ ተዘጋጅተን ነበር። የሐዘኗን ዝምታ፣ የአግዳሚ ወንበሩን ዝምታ አውቃለሁ። ሕሊና ግን ቀና አለች። ለወረቀት ብቻ ስትናገር የኖረችው ልጅ በአጎቷ ፊት፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በእማማ ካሣነሽ ፊት አፏን ከፈተች።

«እፈልገዋለሁ» አለች። «ከቁጣው ጋር እፈልገዋለሁ።»

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። መሪጌታው በሠርጋችን ቀን መጥተው መረቁን። ምርቃታቸው ረዥም ነበር፤ ይቅርታ ግን አልነበረበትም። ይህን በማግሥቱ ጽፌዋለሁ፣ በጥቁር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳችን በፊት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንጽፋለን። ጀርባዋ ሲሞቀኝ ይታወቀኛል። እሷ የእኔን አትጠይቅም፣ እኔም የእሷን አልጠይቅም። ዛሬ ስትጽፍ ብቻዋን ሳቀች። ዞሬ በምን እንደሳቀች መጠየቅ አማረኝ፤ አልዞርኩም። ቀዩን አነሣሁና ከቀኑ ሥር «ሕሊና» ብዬ ጻፍኩ፤ ጥቁሩን አነሣሁና «ሳቀች» ብዬ ጨረስኩት።